የተዘጋ ደጅ ዕዳ
በልደታ ኮንዶሚኒየም ለነዋሪዎች ጉባኤ የተነገረ ዲስኩር



የኮሮና ደዌ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ ወዲህ ዘመን አልፎ፣ ጭምብሉ ከፊታችን ወርዶ፣ በየበሩ ቆሞ የነበረው የእጅ መታጠቢያ በርሜል ተነሥቶ፣ ነገሩ የተዘጋ መዝገብ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚያ ዓመት የቀረበልን ጥያቄ፣ ይኸውም ደካማውን ከሞት ለመጠበቅ ሲባል የብርቱውን መተዳደሪያ መዝጋት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው፣ ሳንመልሰው ያለፍነው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ሌላ መቅሠፍት ከመድረሱ በፊት በደኅናው ቀን ተቀምጠን ልንመረምረው ግዴታችን ነው።

ለዚህ ምርመራ ከዚህ ስፍራ የተሻለ አይገኝም። የቀድሞው የልደታ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈርሶ በምትኩ እነዚህ ሕንፃዎች በቆሙ ጊዜ፣ በኑሮ የማይመሳሰሉ ሰዎች በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ አንድ ግድግዳ የሚካፈሉ ጎረቤቶች ሆነዋል። ቤቱ ቢቀመጥ ደመወዙ የማይቀርበት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከልጅ ልጆቹ ጋራ የሚኖር ጡረተኛ፣ በምድር ቤቱ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ በሕንፃው ጥግ ጀበና ቡና የምታፈላ ወጣት፣ ከቤት ቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ እናት፣ ጥበቃውና ተሸካሚው በዚህ ግቢ በየቀኑ ይተያያሉ። «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ምክር በመጋቢት 2012 ሲነገር ለሁሉም በአንድ ቃል ተነገረ፤ ሸክሙ ግን በአንዱ ላይ እንደ ላባ፣ በሌላው ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ ግን አባቶቻችን ያዩትን እናስታውስ። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም.፣ ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን በወረረ ጊዜ፣ ገበያ ይዘጋ ብሎ ዐዋጅ የሚያስነግር ሰው አላስፈለገም፤ ሻጩም ሸማቹም በአንድነት ስለ ወደቁ ገበያው ያለ ዐዋጅ ተበተነ፣ ሙታንን የሚቀብር ጉልበት እስኪታጣ ድረስ ቤቱ ሁሉ የሕሙማን ቤት ሆነ። በከተማይቱ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ነፍስ እንዳለፈ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ በብርቱ ታመው ነው የዳኑት። እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማይቱ የምትታጠነው በዚያ መዓት መታሰቢያነት ነው። ስለዚህ ደዌውን ችላ ብሎ ሥራን ክፍት ማድረግ ይቻላል ለሚል ሰው የኅዳር በሽታ ጽኑ ምስክር ይቆምበታል፤ ሰው ያልዘጋውን ሥራ ደዌው ራሱ፣ ያለ ሥርዓትና ያለ ቀጠሮ፣ ይዘጋዋልና።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ መንግሥት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ የመጀመሪያዎቹ ሞቶች መጋቢት 27 ቀን ተነገሩ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ተሽከርካሪዎች የመጫን ዐቅማቸውን ግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ተደነገገ። ሚያዝያ 11 ቀን የትንሣኤን በዓል ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት በመቅደስ ሲያከብሩ ምእመናን በየቤታቸው ቆዩ፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳንን ጾም ጾመው ዒድን በየቤታቸው አከበሩ። በዚህ ሰፈርም፣ ጎረቤት በአንድነት ወጥቶ ንፍሮ የሚቀቅልበት፣ ዳቦ የሚቆርስበት የግንቦት ልደታ፣ ዐዋጁ እንደሚፈቅደው ሰው ተራርቆ የዋለበት በዓል ሆነ። ይህ ሁሉ ቀላል መሥዋዕት አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን እንዲያ ያለውን መሥዋዕት ለጎረቤቱ ነፍስ ሲል ተቀብሎታል።

የአገሪቱን እንቅስቃሴ ፈጽሞ መዝጋትን ግን መንግሥት አልመረጠም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጊዜው እንዳስረዱት፣ መጠለያ የሌለው ሰው በበዛበት፣ የዛሬውን ዛሬ ሠርቶ የሚበላ በሞላበት አገር ውስጥ የበለጸጉት አገሮች ያደረጉትን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ይህ አሳብ በእኔ አመለካከት በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ የሌሎች አገሮች ታሪክም ይደግፈዋል። ሕንድ በዚያው መጋቢት ወር በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ አገሩን ሁሉ በዘጋች ጊዜ፣ ከየከተማው ሥራቸውን ያጡ ወዛደሮች፣ ባቡርና አውቶቡስ ስለ ቆመ፣ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ትውልድ መንደራቸው ረዥም መንገድ በእግር ተጓዙ። ፔሩም ከሁሉ አስቀድማና አጥብቃ ከዘጉት አገሮች አንዷ ሆና ሳለ፣ ብዙው ሕዝብ ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ ምግብ የሚያቆይበት ማቀዝቀዣም የሌለው ስለ ነበረ፣ በየገበያው ለመሸመት፣ በየባንኩ ደጃፍም የመንግሥትን ድጎማ ለመቀበል በተሰለፈበት ስፍራ ደዌው አገኘው፤ በመጨረሻም ከሕዝቧ ቍጥር አንጻር እጅግ ብዙ ሰው ከሞተባቸው አገሮች በግንባር ቀደምትነት ተቆጠረች። ከዚህ የምንረዳው፣ የዕለት እንጀራ ያልቀረበበት መዝጋት ድኻውን ከማስራቡም በላይ፣ ያድነዋል የተባለውንም ደካማ ሳያድን መቅረቱን ነው።

በሌላው ጽንፍ የቆሙ ሰዎችም አሉ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ፣ ግሬት ባሪንግተን በተባለች የአሜሪካ ከተማ ሦስት ሊቃውንት ባወጡት መግለጫ፣ አረጋውያንና ሕሙማን ለብቻቸው ይጠበቁ፣ የቀረው ሕዝብ ሥራውን ይሥራ የሚል ምክር ሰጥተው ነበር። ምክሩ በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ እስቲ ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንፈትነው። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንዲት ክፍል በሚያድሩበት ስቱዲዮ ውስጥ አያቲቱን ለብቻ የምናኖራት ወዴት ነው? ልጇ በታክሲ ተጋፍቶ ሠርቶ ሲመለስ ደዌውን ይዞ የሚገባው እርሷ ወደ ተኛችበት ክፍል አይደለምን? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ወደ ላይኛው ፎቅ በጄሪካን በሚወጣበት ቤት፣ እጅ መታጠብ እንኳ በልክ ነው።

ከዚህም የከፋ ክርክር በአገራችን በየሻይ ቤቱ ሲነገር ሰምተናል፤ ሕዝባችን ወጣት ነው፣ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ከዐሥር አንድ እንኳ አይሞሉም፣ ስለዚህ ብንተወው ግድ የለም የሚል። ይህን ክርክር በሁለት ምክንያት አልቀበለውም። አንደኛ፣ በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ነፍስ ዋጋው በቀረው ዕድሜ አይተመንም፤ በቀረው ዕድሜ የምንተምን ከሆነ ነገ የስኳር በሽተኛውን፣ ከነገ ወዲያ አካሉ የጎደለውን ከመዝገቡ እንሰርዛለን። ሁለተኛ፣ ጡረታ የሚያገኘው ሰው ጥቂት በሆነበት አገር አረጋዊው በልጆቹ ጉልበት ይኖራል፣ ልጆቹም የልጆቻቸውን ጠባቂ በእርሱ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ሽማግሌውንና ሠራተኛውን በሁለት የሚዛን ወጭቶች ለይቶ ማስቀመጥ አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ዋናው አሳቤ ደረስሁ። ሕይወትን ለመጠበቅ ሲባል ሥራን መዝጋት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የሚዘጋ ሁሉ ባለዕዳ ነው። የአንዱን ሳንባ ለመጠበቅ የሌላውን ሞሰብ ባዶ ያደረገ ዐዋጅ፣ የሞሰቡን ባለቤት ካላካሰ፣ ርኅራኄውን በሌላ ሰው ገንዘብ ፈጽሟል። በቅዱስ ወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ካነሣውና ቁስሉን ካሰረለት በኋላ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ የሚጨመረውንም ወጪ ሲመለስ ሊከፍል ቃል መግባቱን ሊቃውንቱ በብዙ ይተረጕሙታል፤ እኔም በትሕትና የምጨምረው ቢኖር፣ ይህ ሰው የምሕረቱን ወጪ በአስተናጋጁ ጫንቃ ላይ ጥሎ አለመሄዱን ነው።

በዚህ መስፈርት ስንመዝነው የ2012 ሥራችን የሚመሰገንም የሚወቀስም አለበት። ከሚመሰገነው፣ ኪራይ መጨመርንና ሠራተኛ ማሰናበትን የከለከለው ድንጋጌ አንዱ ነው። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ድኾች ለሥራ ሳይወጡ ክፍያቸው አስቀድሞ እንዲደርሳቸው መደረጉም እንዲሁ፤ የከተማው አስተዳደር ያቋቋመው የምግብ ባንክና ከዚያ ወዲህ የተለመደው ማዕድ ማጋራትም መልካም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ባጣ ጊዜ የብዙ አውሮፕላኖቹን መቀመጫ ነቅሎ ወደ ጭነት በማዞር፣ መድኃኒትና መሣሪያ ለአፍሪካ እያመላለሰ ሠራተኞቹን ይዞ መቆየቱ ደግሞ፣ ሥራን ከመዝጋት የሥራን መልክ መለወጥ እንደሚቻል አሳይቶናል።

የሚወቀሰውን ለማየት ግን የታክሲውን ነገር ማንሣት ይበቃል። ታክሲው በግማሽ ይጫን ሲባል የቀረው ወንበር ዋጋ በተሳፋሪው ላይ ተጨመረ፤ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። መኪና ያለውን ሰው ይህ ጭማሪ አልነካውም፤ ልብስ ልታጥብ ከልደታ ወደ ቦሌ የምትሄደው እናት ግን፣ ደንበኛዋ «እስኪያልፍ ቤትሽ ቆይ» ያላላት ዕድለኛ እንኳ ብትሆን፣ የሁላችንን ጤና ዋጋ ከዕለት ገቢዋ ከፈለችልን። ኪራይ አይጨመር የሚለው ሕግም ውል ያለውን ተከራይ ሲጠብቅ፣ ሠራተኛ አታሰናብት የሚለውም ደመወዝተኛውን ሲጠብቅ፣ ውልም ደመወዝም የሌላቸው፣ ይኸውም ጉልት ነጋዴው፣ ሊስትሮው፣ የቤት ሠራተኛይቱና የቀን ሠራተኛው፣ ከሕጉ ጥላ ውጪ ቀሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕዳ ግን የሕፃናቱ ነው። ሃያ ስድስት ሚሊዮን የሚያህል ተማሪ ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ከትምህርት ገበታ ተለየ፤ በቤቱ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ያለው ልጅ ጥቂት ሲማር፣ የሌለው ልጅ ፊደሉን ረሳ። በደዌው እምብዛም የማይጎዱት ልጆች ከሁሉ የረዘመውን መዘጋት ተሸከሙ። ይህን ስል ትምህርት ቤቶቹ በመጀመሪያው ቀን መዘጋታቸው ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም፤ የደዌው ጠባይ ባልታወቀበት ሰዓት ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ገበያው ተከፍቶ፣ መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ የትምህርት ቤቱ በር ብቻ ተዘግቶ የመቆየቱ ምክንያት በአደባባይ ተመርምሮ አያውቅም፤ የጠፋውንም ትምህርት ማን እንደሚተካው አልተነገረም።

በተመዘገበው ቍጥር መሠረት በአገራችን በኮሮና የሞቱት ከ7,500 ይበልጣሉ። ምርመራው ውስን ስለ ነበረ እውነተኛው ቍጥር ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ቢሆንም በመጀመሪያ የተፈራው ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ክትባቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መሰጠት ጀመረ። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በጥቅምት 2013፣ በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ ስለ ነበር፣ የወረርሽኙ ሒሳብ ሳይተሳሰብ ሌላ ሐዘን ላዩ ላይ ተደረበበት። ዛሬ የምንነጋገረው ያ ሒሳብ ሳይተሳሰብ ስለ ቀረ ነው።

ለሚመጣው ቀን የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ መንግሥት ለመዝጋት ሲያስብ አስቀድሞ የሚካሰውን ሰው በስም ይወቅ፤ የሚታወቀው ግን በክፉ ቀን ሳይሆን በደኅናው ቀን በተሠራ መዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ክልከላ የሚያድነውና የሚያስከፍለው በየራሱ ይመዘን፤ የሠርግ አዳራሽን መዝጋትና የጉልት ገበያን መዝጋት፣ መጠጥ ቤትን መዝጋትና የአንደኛ ክፍልን መዝጋት በአንድ ሚዛን አይውሉ። ሦስተኛው፣ የሚዘጋው ደጅ ሁሉ የሚከፈትበት ቀን ወይም የሚመረመርበት ቀጠሮ ይኑረው፤ መጨረሻው ያልተነገረ መሥዋዕት የሕዝብን እምነት ያደክማልና።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው ብላችሁ እንዳታርፉ እለምናችኋለሁ። አባቶቻችን ዕድርን ሲመሠርቱ ሞት በማን ቤት እንደሚመጣ አላወቁም ነበር፤ ስለማያውቁም ሁሉም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ በመጣ ጊዜም የአንዱ ሸክም በሁሉ ትከሻ ላይ ይከፋፈላል። ወረርሽኝም በዚህ ሕግ ሊገዛ ይችላል። የዚህ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር በየደረጃው ለብቻቸው የሚኖሩትን አረጋውያን፣ መድኃኒት የማይቋረጥባቸውን ሕሙማን፣ የዕለት ገቢ ብቻ ያላቸውን ቤተሰቦች ዛሬ ይመዝግብ፤ በጓሮ በር የሚያገለግሏችሁን ጥበቃዎችና ልብስ አጣቢዎች ከመዝገቡ አታውጧቸው፤ ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂት ፍራንክ ለዚህ ብቻ ተለይታ ትቀመጥ፤ ደመወዙ የማይቋረጥበት ሰውም በዚያ ቀን ከሌላው አብልጦ እንዲከፍል ከአሁኑ ይስማማ። እንዲህ ከተደረገ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደጃችሁን ዝጉ ስትባሉ፣ ማን ምን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ የልብስ አጣቢዋም ልጅ ሳይራብ፣ የአያቲቱም ነፍስ ሳይጠፋ፣ ክፉው ቀን ሊያልፍ ይችላል።