የሞተርን እመቃ በጥቂት ገንዘብ ስለ ማሳደግ

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የቀረበ)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ ሲያዩት የጋራዥ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከሳንጃ፥ ከአብደራፊ፥ ከገንዳ ውኃ ወይም ከመተማ የመጣን ሰዎች እንደምናውቀው፥ በቆላው አገር መኪና ማለት የሰሊጥ ዋጋ፥ የቀን ሠራተኛ መንገድና የሕመምተኛ ነፍስ ማለት ነው። ምጥ የያዛትን እናት ከታች አርማጭሆ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይዛ የተነሣች መኪና ዳገቱ ላይ ጉልበት ቢያጥራት፥ ነገሩ የመካኒክ ጭውውት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የነዳጅ ድጎማም ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ቆይቷል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ የቤንዚን ሞተር ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው።

«መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለችኝ» ብሎ ጋራዥ ለሚሄድ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ቴስታታው ይላግልህ፤ እመቃው ይጨምራል፤ ጉልበትም ታገኛለህ» የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ከጎንደር ደጋ ወደ ሳንጃና ወደ መተማ ቆላ በሚወርደው መንገድ ለምትሠራ መኪና፥ የጠፋውን እመቃ መመለስ ትርፍ ነው፤ ያልነበረውን መጨመር ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው።

እመቃ ምን ይሰጣል?

ፒስተኑ ሲወርድ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይስባል፤ ሲመለስም ያንኑ ድብልቅ ከቴስታታው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ያምቀዋል። ፒስተኑ ታች ሳለ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን መላ ስፋት፥ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ በሚቀረው ስፋት ብናካፍለው የእመቃ ምጣኔ የሚባለውን እናገኛለን። ዘጠኝ እጥፍ ከታመቀ «9 ለ 1» እንላለን።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የፊዚክስ መምህሮቻችን እንዳስተማሩን፥ በኦቶ ዑደት ሕግ መሠረት ምጣኔው 9 የሆነ ሞተር ቢበዛ ከመቶ 58.5 እጅ፥ ምጣኔው 10 የሆነው ደግሞ ከመቶ 60.2 እጅ ሙቀቱን ወደ ሥራ ይለውጣል። እውነተኛ ሞተር ከዚህ በጣም ያነሰ ይሠራል፤ ሆኖም የሁለቱ ንጽጽር ያው ነው። እንግዲህ አንድ ደረጃ እመቃ መጨመር የሚሰጠን ጉልበት ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ለማግኘት ምን ያህል ብረት ይላጋል? 1,300 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ። አንዱ ሲሊንደር 325 ሲሲ ነው። ምጣኔው 9 ከሆነ ከላይ የሚቀረው ክፍል 40.6 ሲሲ፥ ምጣኔው 10 ከሆነ 36.1 ሲሲ ነው። ልዩነቱ 4.5 ሲሲ ሲሆን፥ የሲሊንደሩ አፍ 75 ሚሊሜትር ቢሆንና የቴስታታው ክፍል አፍም ያንኑ ቢያህል፥ አንድ ሚሊሜትር ያህል መላግ ያስፈልጋል። የክፍሉ አፍ ከሲሊንደሩ አፍ ከጠበበ ግን ከዚያም ይበልጣል። አንድ ሚሊሜትር በቃል ሲነገር ትንሽ ነው፤ በቴስታታ ላይ ግን ትልቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተላገ ወዲያ የሚመልሰው የለምና።

ደጋውና ቆላው

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፥ መተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፥ በጎንደር 77፥ በመተማ 92 ያህል ይሆናል። ስለዚህ በጎንደር ያለ ሞተር ሳንባው ሳይታመም አየር ያጥረዋል። ከመቶ 23 እጅ አየር የጎደለበትን ሞተር ከመቶ ሦስት እጅ በሚሰጥ መላግ እናካክሰዋለን ማለት፥ የተራበን ሰው በጉርሻ ማሰናበት ነው። ተፈጥሮ የወሰደችውን አየር ሊመልስ የሚችለው አየር ገፊ መሣሪያ ነው፤ ያ ደግሞ ከጥቂት ገንዘብ በላይ ነው።

አሁን ደግሞ የቁልቁለቱን ነገር እንይ። በጎንደር አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ከፍ ያለ እመቃ ሞተሩን አይጎዳውም። ቴስታታውን ያስላገው ሰው በፒያሳ ዳገት ላይ ሞክሮ ደስ ይለዋል። ከዚያ በአይከል በኩል ወደ መተማ፥ ወይም በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ በመተማ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በጎንደር አየር ልክ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቡራተርም ወፍራም አየር ሲገባበት ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ፥ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ድምፁም ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ነው። ይህ ከቀጠለ ፒስተን ይሰነጠቃል፥ ፋሻ ይሰበራል፥ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይበላል። በመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛው ቤንዚን ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነማ ማንኳኳቱ ይብሳል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ማንኳኳትን የሚያዳምጥና የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ አላቸው። ብዙዎቹ አሮጌዎች፥ ለምሳሌ ዲኤክስ የምንላት ኮሮላ፥ ይህ የላቸውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ መለካት። ሞተሩን ማሞቅ፤ ቤንዚኑንና እሳቱን መዝጋት፤ አራቱንም ካንዴላ መንቀል፤ የእመቃ መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ መግጠም፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሩን አምስት ስድስት ጊዜ ማዞር። በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የጥገና መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። በባሕር ጠረፍ በካሬ ሴንቲሜትር 12 ኪሎ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በመተማ 11፥ በጎንደር 9 ያህል ብቻ ያሳያል። ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን ሞተር «ሞቷል» ብሎ ያስፈታዋል፤ ባለመኪናውንም ያለ ጥፋቱ ያከስረዋል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ይታይ።

ሁለተኛ፥ ምክንያቱን መለየት። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደ ገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ያው ከሆነ ቫልቩ አይዘጋም ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠርጠር።

ሦስተኛ፥ ከርካሹ መጀመር። የቫልቩን ክፍተት ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስስ መለኪያና ትዕግሥት ነው። ቫልቭን በመፍጫ ቅባት በእጅ እያሹ ከመቀመጫው ማስማማት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቴስታታው ከጎበጠ ቀጥ እስኪል ብቻ ይላግ፤ ጓርኒሲዮኑ ምን ጊዜም አዲስ ይሁን። ፋሻ መለወጥ የመጨረሻው ነው፤ ወጪውም የሚከብደው እዚያ ላይ ነው።

አራተኛ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላም እመቃ ልጨምር የሚል ሰው ቢኖር፥ ሳይለካ አይላግ። ቴስታታውን ዘቅዝቆ የክፍሉን አፍ በመስተዋት መክደን፥ በመስተዋቱ ቀዳዳ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ መርፌ ላምባ እየሞላ የእያንዳንዱን ክፍል ስፋት መቁጠር ይችላል፤ አራቱ እኩል ይሁኑ። በፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ ጭቃ አድርጎ ሞተሩን በእጅ በማዞር ቫልቩ ከፒስተኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመርምር። ቴስታታው ዝቅ ሲል የቫልቮቹ መክፈቻ ጊዜ ወይም ክፍተት እንደሚዛባም አይርሳ። ከሁሉ በላይ ልኩን የሚወስነው ጎንደር ሳይሆን መኪናዋ የምትደርስበት ዝቅተኛውና ሞቃቱ ቦታ ነው። ሁልጊዜ ደጋ ለምትውል መኪና ጥቂት መጨመር ይቻላል፤ ቆላ ለምትወርድ ግን ፋብሪካው የሰጣት ይበቃታል። ብትወርድና ብታንኳኳ፥ የእሳቱን ጊዜ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ኋላ መመለስና በዝቅተኛ ማርሽ መሄድ ከጉዳት ያድናታል።

ውድ ጓደኞቼ፤

ንግግሬን የምፈጽመው በአንድ አሳብ ነው። የጋራዥ ቋንቋችን እንኳ፥ ካንዴላውም ቴስታታውም፥ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ የምንመለከተው የቁጥር ሰንጠረዥም ለሌላ አገር አየር የተጻፈ ነው። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ አንዲት ጤነኛ መኪና ይዘን በጎንደር፥ በሳንጃና በመተማ እመቃዋን ብንለካና ውጤቱን በአንድ ገጽ በአማርኛ አትመን ለየጋራዡ ብናድል፥ የሚያስፈልገን አንድ መለኪያ፥ ጥቂት ቤንዚንና ሁለት ቀን ብቻ ነው። በዚያ አንድ ገጽ ምክንያት አንድ ሾፌር እንኳ ያለ ጥፋቱ ሞተሩን ከማስፈታት ቢድን፥ ለቤተሰቡ የአንድ ወቅት እንጀራ ተረፈለት ማለት ነው። ማኅበራችን በዚህ አሳብ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲነጋገርበት አሳስባለሁ።