ቤት ሲያፈስ ዝም አንበል

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኛችሁ ነዋሪዎች ሙሉ ቃሉ እንደሚከተለው ቀርቧል።)



የዛሬው ጉዳያችን የቤት ጥገና ነው። ክረምት እየመጣ ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ሰኔ ከገባ በኋላ ጥገና የለም፤ ያለው ከሚያፈሰው ሥር ባልዲ መደቀን ብቻ ነው።

ነገሩን ለምን እንዳነሣነው እንናገር። ባለፈው ነሐሴ በሰፈራችን ካሉት ጊቢዎች በአንዱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የአንድ ተከራይ ቤት ግድግዳ ተደርምሷል። ብዙዎቻችሁ በዝናብ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ስለደረሳችሁ ታውቁታላችሁ። ፈጣሪ ይመስገን፣ የወደቀው ወደ ውጭ ነው። ወደ ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ ከግድግዳው ሥር ሁለት ሕፃናት ተኝተው ነበር።

በማግስቱ ሁለቱም ወገኖች ማኅበሩ ዘንድ ቀረቡ። ተከራዩ፣ «ከግንቦት ጀምሮ አራት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቆርቆሮው ዝጎ ውኃው የሚወርደው በግድግዳው ውስጥ ነው ብያለሁ» አሉ። አከራይዋ ደግሞ፣ «ያፈሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው አብጧል ብሎ የነገረኝ ግን የለም» አሉ። ስናጣራ አንዱ የተነገረው ለቅሶ ቤት ነው፣ አንዱ መንገድ ላይ በሰላምታ መካከል ነው፣ አንዱ በልጅ የተላከ ነው። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። እኛም በሽማግሌነት ተቀምጠን እውነቱ የማን እንደሆነ መለየት አቃተን። በግንቦት ቢሠራ ሁለት ቆርቆሮ፣ ጥቂት ምስማርና አንድ አሸንዳ ይበቃው የነበረ ቤት፣ በመስከረም ሙሉ ግድግዳ ከነማገሩ አስፈለገው። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ተከራይ ምን ማድረግ ይችላል? «ምን ይደረጋል፣ የሰው ቤት ነው» የምንለውን ነገር ዛሬ እንተወው።

በመጀመሪያ፣ ምልክቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ጭቃ ቤት በአንድ ቀን አይወድቅም። ውኃ ከላይ ሲገባ ጭቃው ከእንጨቱ ይለቃል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ልስኑ ከተነፋ፣ በእጅ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ደኅና ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ካለ፣ ቤቱ እየተናገረ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ማንንም ሳትጠብቁ መስመሩን ከቆጣሪው ላይ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የሽንት ቤት ጉድጓድ አፍ ከተሰነጠቀም ልጆች እንዳይቀርቡ በዚያኑ ቀን ይታጠር።

ሁለተኛ፣ በወረቀት መጻፍ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የአከራይና የተከራይ ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ የተበላሸውን ነገር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸና እስከ መቼ እንዲሠራ እንደምትጠይቁ ጻፉ። ቋንቋው ማማር የለበትም፤ እኛም የተማርነው አንደኛ ደረጃ ነው፣ ይበቃል። በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ስጡ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ይፈረም። አከራዩ አልፈርምም ካለ፣ ሲሰጠው ያዩ ሁለት ጎረቤቶች በቅጂው ላይ ይፈርሙ። በስልካችሁም ፎቶግራፍ አንሡ።

ይህ ጠብ መፈለግ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ያከራየውን ቤት በደኅና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል። ያው ሕግ፣ ግዴታውን ያልፈጸመን ሰው ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ የሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። በሌላ በኩል ሕጉ ለተከራይም ድርሻ ሰጥቶታል፤ የበር፣ የመስኮት መስተዋት፣ የወለልና የቧንቧ ጥቃቅን ጥገና በተከራይ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተበላሸ ግን የተከራይ ዕዳ አይደለም። ጣሪያ፣ ምሰሶና ግድግዳ የአከራይ ነው። ልጃችን በኳስ የሰበረውን መስተዋት ግን አከራይ ይሥራው ማለት ነውር ነው።

ሦስተኛ፣ ኪራይ አትከልክሉ። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። አንድ የሰፈራችን ሰው ሽንት ቤቱ አልተሠራም ብለው ተናደው ሦስት ወር ሳይከፍሉ ቆዩ። እውነቱ የእሳቸው ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ሲታይ የተነሣው የሽንት ቤቱ ነገር አልነበረም፤ ያልተከፈለው ኪራይ ነው። በመጨረሻ ቤቱን ለቀቁ። እውነት ይዞ መረታት ማለት ይህ ነው። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ከዚያ በኋላ አፋችሁን ሞልታችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። በአንድ ጊቢ አምስት ተከራዮች ካላችሁ አምስታችሁም በአንድ ወረቀት ፈርሙ። ዘንድሮ በጥር ወር ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለው ጊቢ የሆነውን እንንገራችሁ። አምስት አባወራዎች ተሰብስበው ጣሪያው እንዲሠራ ጻፉ። አከራይዋ የሚኖሩት በኪራዩ ብቻ ነው፤ ባላቸው ካረፉ በኋላ ሌላ ገቢ የላቸውም። «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ብለው አለቀሱ። ማኅበሩ መሐል ገባ። ተከራዮቹ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ገዝተው ከሦስት ወር ኪራይ ላይ በየወሩ እየተቀነሰ እንዲካካስ ስምምነት ተጻፈ፤ ሁለቱም ወገን ፈረመ፤ የዕቃው ደረሰኝም ተያያዘ። ጣሪያው በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ቡናውንም ያፈሉት አከራይዋ ናቸው። አስተውሉ፣ መቀነስ የሚቻለው እንዲህ ተስማምቶ ተጽፎ ሲፈረም ነው፤ በራስ ሥልጣን አይደለም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ፍርድ ቤት አከራዩ እንዲሠራ ሊያዝ፣ ወይም ተከራዩ አሠርቶ ወጪውን ከአከራዩ እንዲያገኝ ሊፈቅድ ይችላል። የዚያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ይናገርላችኋል።

«ከተናገርን ልቀቁ እንባላለን» የሚል ፍርሃት እንዳለ እናውቃለን። ከመካከላችን ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ነው። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነገሩን ለውጦታል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል፤ የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። «ነገ ውጣልኝ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ይህ የሚጠቅመው ግን ውሉን ላስመዘገበ ሰው ነው። እስከ አሁን በቃል ብቻ ተስማምታችሁ የምትኖሩ፣ አከራይም ተከራይም፣ ወደ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

የመንግሥት ቤት ተከራዮችም አላችሁ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዞር ኪራዩ ተቀንሶ ነበር፤ ከወር 100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶችም ለቀበሌ ተሰጡ። ትንሽ ኪራይ ደግ ነገር ነው፤ ግን ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አላስገኘም፤ ቤቶቹም በላያችን አረጁ። ቢሆንም ማመልከቻ በጽሑፍ ማስገባትና ገቢ የተደረገበትን ቁጥር መያዝ አይቅር። በራሳችሁ ወጪ የምታድሱም ከሆነ በመጀመሪያ ፈቃዱን በእጃችሁ ያዙ፤ ያለ ፈቃድ የተነቀለ ቆርቆሮ ሌላ ክስ ያመጣል።

ለአከራዮቻችንም አንድ ቃል አለን። ይህ ማኅበር የእናንተም ነው። ተከራይ ወረቀት ሲሰጣችሁ አትቆጡ። ቤታችሁን ከውስጥ የሚያይላችሁ እርሱ ነው። ገንዘብ ከሌላችሁ የለኝም በሉ፤ መላ ይፈለጋል። ዝምታ ግን ግድግዳ አያቆምም።

በመጨረሻም፣ የጥያቄው ወረቀት ናሙና ተዘጋጅቶ በጸሐፊው ዘንድ ስለሚገኝ ያለ ክፍያ ውሰዱ። መጻፍ ለማይችሉ እኛ እንጽፋለን። ከፊታችን እሑድ ጀምሮ ከማኅበሩ የተመረጡ ሦስት ሰዎች፣ አንድ አናጢ ጨምረው፣ በየጊቢው እየዞሩ ጣሪያና ግድግዳ ያያሉ፤ በር ክፈቱላቸው። ባለፈው ነሐሴ የወደቀው ግድግዳ ወደ ውጭ ነበር። ዘንድሮም ወደ ውጭ ይወድቃል ብለን መተኛት አንችልም።



የማኅበሩ ጸሐፊ