የዘፈን ቴአትር በጋይንት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ክረምት አገልግሎታችን እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ስለ ማጠናከሪያው ትምህርት ብቻ ተናግረን ልንቀመጥ አስበን ነበር። እሱን ግን ከሌሎች ጓዶች በየዓመቱ ስለምትሰሙት አልፈነው፣ ልጆቹ ስላሳዩት የዘፈን ቴአትር እናወራችኋለን።

ስድስት ነበርን፤ ሁለታችን የጋይንት፣ ሁለታችን የስማዳ፣ ሁለታችን የእስቴ ልጆች። በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ከደረሰ ዓመት ሲሞላው፣ ከከተማይቱ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ልናስጠና ሄድን። የቴአትሩን ታሪክ የመረጡት ልጆቹ ናቸው። ወንድም ትምህርቱን ጥሎ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ይወርዳል፤ እኅቱ ደጅ ደጁን እያየች ትቀራለች። ከልጆቹ መካከል ወደ ቆላ የወረደ ዘመድ የሌለው አልነበረም፤ ወባ ይዞት የተመለሰውንም በስም ያውቁታል።

እኛ ደግሞ ሥልጡን ለመምሰል የተቀረጸ ሙዚቃ በሞባይልና በድምፅ ማጉያ ይዘን ቀረብን። ውርደታችን ከዚህ ይጀምራል። በዚያ ዕድሜ የወንዶቹ ልጆች ድምፅ እየጎረነነ ነው፤ ሙዚቃው ግን ከተቀረጸበት ከፍታ ንቅንቅ አይልም። ግማሹ ይጮኻል፣ ግማሹ ያጉረመርማል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ዝም! በሦስተኛው ቀን በአጥር በኩል ሲያዳምጡ የነበሩ አንድ መሪጌታ ሳቁና፣ «ልጆቼ፣ ወደ ዜማ አገር መጥታችሁ ዜማ በሣጥን ታመጣላችሁ?» አሉን።

አፈርን። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔምም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም የጋይንት አይደሉምን? መሪጌታ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማም ሆነ ከበሮ ለጨዋታ አልፈቀዱልንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ድምፅ በላይ የሚወጣ የለም። ለከበሮ ቢጫ ጀሪካን ገለበጥን። ከገበያ አንድ ማሲንቆ መቺ ለምነን አመጣን። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ስላለው መቺው ወደ ልጁ ድምፅ ያወርደዋል፣ ያወጣዋል። ሞባይላችን ያላወቀው ይህንኑ ነው።

ለነገሩ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ከ1928ቱ ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያለበት ቴአትር ያሠሩ ነበር። እሳቸውም የወጡት ከቤተ ክህነት ትምህርት ነው።

ከዜማው ይልቅ የከበደን ሌላ ነበር። የእኅቲቱን እንጉርጉሮ ከሁሉ አስበልጣ የምትለው የ8ኛ ክፍል ልጅ ልምምዱን አቋረጠች። አባቷ ከልክለዋት ኖሯል። ቤታቸው ድረስ ሄድን፤ ጠላ ቀድተው በክብር አስተናገዱን። ስለ ኪነ ጥበብ ጥቅም ረዘም ያለ ንግግር አደረግን (ይህን ንግግር ዛሬ ብትሰሙት ትስቁብን ነበር)። እሳቸውም ጨርሰን ዝም እስክንል ጠብቀው፣ «ልጄ አዝማሪ እንድትባል አልፈልግም። እናንተስ ከአዝማሪ ቤት ታገባላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ስድስት ነበርን ብለናል። አንዳችንም አልመለስንም።

መላውን ያመጣችው ልጅቱ ናት፤ «ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ብዘፍንስ?» አለች። አባትየው ስሟ እንዳይጠራ ቃል አስገብተውን ፈቀዱ። በጳጉሜን፣ ዝናቡ ባባራ ከሰዓት፣ አቡጀዲ ዘርግተን ቴአትሩን አሳየን። ሰዉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያያል። ሌላ ልጅ እንስራ አዝላ በዝግታ ትመላለሳለች፤ እንጉርጉሮው ከመጋረጃው ኋላ ይመጣል። ነፋሱ አልፎ አልፎ ድምፁን ይወስደውና ይመልሰዋል። ልጃቸው መተማ ያሉ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። አባትየው ከኋላ ቆመው ነበር፤ እስከ መጨረሻው መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ።

ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ «የማን ልጅ ናት?» እያለ ጠየቀን። አልተናገርንም። ዛሬም አንናገርም።

በመድረኩ ላይ የቀሩትን ልጆች በየስማቸው ጠርተን አስጨበጨብን። መሪጌታንም፣ አቡጀዲውን ያዋሱንንም አመሰገንን። በማግስቱ ልንሰናበታቸው ስንሄድ ማሲንቆ መቺው ማሲንቆአቸውን እየጠቀለሉ፣ «ልጅቱስ አባቷ ስላሉ ነው። እኔን ከመጋረጃው ኋላ ያስቀመጣችሁኝ፣ ስሜንም ያልጠራችሁት፣ ማን ብሏችሁ ነው?» አሉን። ሥፍራቸውን የመረጥነው እኛው ነበርን፤ ያንን ጊዜ ማናችንም አላሰብንበትም።