ተንሸራታች መቀመጫ-አልጋ በካምፐር መኪና ውስጥ

እንደ ቮልስዋገን ትራንስፖርተር ያለ የዕቃ መኪና ማደሪያ እንዲሆን ሲሠራ፣ የኋላ መቀመጫው ብዙ ጊዜ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ነው። ወለሉ ላይ በታሰሩ ሐዲዶች ላይ ሲቀመጥ ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል።

ሥራው የሚጀምረው ከመኪናው ሥር ነው። ትራፓኖ ከመነሳቱ በፊት የነዳጅ ታንከሩ፣ የፍሬን ቱቦዎችና የኤሌክትሪክ ገመዶች ያሉበት ቦታ ይለያል። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊትም ከኋላም እኩል መሆን አለበት፤ ጥቂት ሚሊሜትር ቢዛነፍ መቀመጫው ይቀረቀራል። ስለዚህ ብሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይገባሉ፤ መቀመጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገፍቶ ያለችግር መሄዱ ከታየ በኋላ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥንካሬው ነው። የደኅንነት ቀበቶው መቀመጫው ላይ ከታሰረ፣ በግጭት ጊዜ የሚፈጠረው ኃይል በሐዲዱ በኩል ወለሉ ላይ ያርፋል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 14 ለመንገደኛ መኪና ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ለትከሻውና ለወገቡ ክፍል እያንዳንዳቸው 13.5 ኪሎ ኒውተን ያህል ጉተታ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ የመቀመጫው ክብደት 20 እጥፍ ይጨመራል። የወለሉ ስስ ላሜራ ብቻውን ይህን አይችልም። ብሎኑ ወለሉን አልፎ፣ ከሥር ሰፊ የብረት ሳህን ተደርጎለት በዳዶ ይታሰራል። ኮምፔንሳቶ ላይ ብቻ የተያዘ ሐዲድ ከነተሳፋሪው ሊነቀል ይችላል። ቀዳዳዎቹም ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብተው ይደፈናሉ።

ከጉዞ በፊት የሁለቱም ሐዲዶች መቆለፊያ መያዙ ይፈተሽ። አልጋው ላይ ሰው ተኝቶ መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም።