ቁራሌው ያላገኛት ቁጥር 23

የዛሬው ወጋችን ስለ ባቡር ነው። ከሰል በልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ጭስ ስለሚተፋው ስለ ጥንቱ ባቡር። ዓመት በጠራሁ ቁጥር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እያባዛንና እያቀናነስን እንዳንደክም ካሁኑ እንስማማ።

ሎንደን ውስጥ ከፓዲንግተን ተነስታችሁ፣ በኪንግስ ክሮስ አድርጋችሁ፣ ፋሪንግደን የምትወርዱ ስንት ናችሁ? በየቀኑ የምታልፉበት ያ ዋሻ በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ነው። ሜትሮፖሊታን የተባለው ኩባንያ ለሕዝብ የከፈተው በጥር 10 ቀን 1863 ነበር። በዚያን ቀን 38 ሺህ ያህል ሰው ተሳፈረ ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ያህል።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ በ1863 ባቡር የሚጎትት ኤሌክትሪክ የለም። ያለው እንፋሎት ብቻ ነው። መሬት ሥር፣ ጣሪያው በጡብ በተደፈነ ዋሻ ውስጥ፣ እሳት እያነደዱ ሰው ማመላለስ!

መሐንዲሱ ጆን ፋውለር ነገሩ አሳስቦት ነበርና አንድ መላ ዘየደ። ከሜዳ ላይ የጋለ ጡብ በእሳት ሳጥኑ ውስጥ ይዞ የሚገባ፣ ዋሻ ውስጥ እሳት የማያስፈልገው ሎኮሞቲቭ አሠራ። ተሞከረ፣ አልሆነም። ኩባንያው ከታላቁ የምዕራብ ባቡር ድርጅት ሎኮሞቲቭ ተውሶ ሥራ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ተጣሉና አበዳሪው ባቡሮቹን ሰብስቦ ሄደ። ከሌላ ድርጅት ደግሞ በጥድፊያ ተለመነ። የብድር ነገር ሲሰለቸው፣ ሜትሮፖሊታን የራሱን 18 ሎኮሞቲቮች ማንችስተር ውስጥ ጎርተን በሚባል ሰፈር ላለው ለቤየር ፒኮክ ፋብሪካ አዘዘ። ከፋብሪካው መሥራቾች አንዱ ቻርልስ ቤየር እንግሊዝ የተወለደ ሰው አልነበረም። ከጀርመን ሳክሶኒ የመጣ የሸማኔ ልጅ ነው። በስደት ስለሚከናወን ሙያ ለእኛ ማን ይነግረናል!

ባቡሮቹ በ1864 መጡ። ስማቸው ጁፒተር፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ አፖሎ፣ ሄርኩለስ... የጥንት አማልክትና ጀግኖች ሁሉ ለሎንደን ጉድጓድ ተመለመሉ። በኋላ ለመጡት ስም ማውጣቱ ቀርቶ ቁጥር ብቻ ሆነ። እነዚህን ባቡሮች የባቡር ወዳጆች «ኤ ክላስ» ይሏቸዋል፤ እስከ 1870 ድረስ 40 ተሠሩ። ተሻሽለው የመጡት «ቢ ክላሶች» ሲታከሉ 66፣ ጎረቤቱ የዲስትሪክት ኩባንያ ያሠራቸው ሲጨመሩ 120 ደረሱ።

የእነዚህ ባቡሮች ብልሃት በጎናቸው ላይ ነው። ተራ ሎኮሞቲቭ ሥራውን የጨረሰውን እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይለቀዋል፤ «ችፍ ችፍ» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። እነዚህ ግን ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ወፍራም ቧንቧ አላቸው። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ነጂው አንድ ማንሻ ይስባል፤ እንፋሎቱም ወደ ሰማይ መውጣቱን ትቶ በቧንቧው አልፎ በሁለቱ ጎኖች ወዳለው የውሃ ጋን ይገባል። የወጥ ድስት ክዳን ላይ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ እንደሚሆነው፣ እዚያም ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። ጥሩ ብልሃት ነው፤ ግን ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ይፈላል። ከፈላ ደግሞ ሌላ እንፋሎት አያቀዘቅዝም። ስለዚህ መስመሩ ጫፍ ሲደርሱ ሙቁን ውሃ አፍስሰው በቀዝቃዛ መተካት ነበረባቸው። ለነጂውና ለረዳቱም ጣሪያ አልተሠራላቸውም፤ ያላቸው ከፊት የምትከልል አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ነበረች።

እንፋሎቱ በዚህ ቢታገድም የከሰሉን ጭስ ግን የሚያቆመው አልተገኘም። በ1897 መንግሥት ስለ ዋሻው አየር አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። በዚያ ምርመራ ጎወር ስትሪት ጣቢያ አጠገብ ያለ መድኃኒት ቀማሚ፣ በጭስ ታፍነው ለሚመጡበት መንገደኞች «የሜትሮፖሊታን ቅይጥ» የሚባል መድኃኒት አዘጋጅቶ እንደሚሸጥ ተነገረ። የሰው ሳል ለአንዱ ገበያ ነው!

የዚያ ጭስ አሻራ ዛሬም በዓይን ይታያል። ቤይስዎተር ጣቢያ ውረዱና በእግር ወደ ሌንስተር ጋርደንስ ሂዱ። ነጫጭ፣ ባለ በረንዳ፣ ባለ ምሰሶ ቤቶች ተሰልፈዋል። 23 እና 24 ቁጥር ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና መስኮቶቹን እዩ። መስታወት የላቸውም፤ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በሩ የደብዳቤ ቀዳዳ የለውም። ከጀርባው ቤት የለም፤ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። በ1860ዎቹ መስመሩ በዚያ ሲያልፍ ሁለት ቤቶች ፈርሰው ጉድጓዱ ክፍት ተተወ፤ ባቡሮቹ የታፈነውን እንፋሎትና ጭስ እዚያ እንዲተነፍሱ። የሰፈሩ ሀብታሞች ጉድጓድ ማየት ስላልወደዱ ፊት ለፊቱ የቤት መልክ ተሠራለት።

በ1905 ኤሌክትሪኩ መጣ። ከነዚያ አገልጋዮች አብዛኞቹ ከሥራ ወጡ። ጥቂቶቹ ለሌላ ኩባንያ ተሸጡ፤ የቀሩት በየተራ ለቁራሌው ተላለፉ። በእንግሊዝ አገርም ቁራሌው አለ፤ «ያለው!» እያለ በየበሩ አይዞርም እንጂ። ከዚያ ሁሉ መሐል ዛሬ በሕይወት ያለችው በ1866 የተሠራችው ቁጥር 23 ብቻ ናት።

ለምን እሷ ተረፈች? ከሌሎቹ በልጣ አይደለም፤ በፍጥነትም በታሪክም የተለየ ነገር የላትም። ሥራ ስላላጣች ነው። ከከተማው ርቆ ኤሌክትሪክ ያልደረሰበት፣ ኳይንተን ሮድ ከተባለ ጣቢያ ተገንጥሎ ብሪል ወደሚባል መንደር የሚሄድ አንድ ደካማ መስመር ነበር። አሮጌ ባቡር ይበቃዋል ተብሎ ቁጥር 23 ወደዚያ ተላከች፤ በገበሬ መሐል አንድ ፉርጎ እየጎተተች ኖረች። በ1935 ያ መስመር ሲዘጋ ደግሞ ኒስደን ግቢ ውስጥ የጉልበት ሥራ ተሰጣት። በ1948 ጡረታ ስትወጣ ዕድሜዋ 82 ነበር። ያን ጊዜ ለሚያያት ሁሉ ብርቅ ሆና ነበርና ሊቆራርጣት የደፈረ አልተገኘም። ክላፓም ሙዚየም ከረመች፣ ሳየን ፓርክ ቆየች፣ ከ1980 ጀምሮ ኮቨንት ጋርደን በሚገኘው የሎንደን ትራንስፖርት ሙዚየም ውስጥ ናት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ያን ወፍራም ቧንቧ በጎኗ ፈልጉት።

ቁጥር 23 እህቶች አሏት ብላችሁ ታምናላችሁ? ቶኪዮ ውስጥ! ጃፓን የመጀመሪያውን የባቡር መስመሯን በ1872 ከሺምባሺ እስከ ዮኮሃማ ስትከፍት ገንዘቡን የተበደረችው ከሎንደን ገበያ ነው። ዋና መሐንዲሱ ኤድመንድ ሞረል የሎንደን ልጅ ሲሆን፣ መስመሩ ሳይመረቅ በሳንባ ነቀርሳ እዚያው ሞተ። ሎኮሞቲቮቹም ከእንግሊዝ በመርከብ ተጫኑ። በ1893 በጃፓን ምድር የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ኮቤ ላይ ሲሠራ ሥራውን የመራው ሪቻርድ ፍራንሲስ ትሬቪቲክ ይባላል። አያቱ ያ በ1808 እዚህ ሎንደን፣ ዛሬ ጎወር ስትሪት ባለበት አካባቢ፣ ክብ ሃዲድ ዘርግቶ ሕዝብን በእንፋሎት ያዞረው ትሬቪቲክ ነው።

ቶቡ የተባለው የጃፓን የግል ባቡር ኩባንያ በ1899 ሥራ ሲጀምር የገዛቸው ሎኮሞቲቮች ከዚያው ከጎርተን፣ ከቤየር ፒኮክ የመጡ ነበሩ። ቶቡ «ቢ 1» ብሎ ይጠራቸዋል። እነሱም መጨረሻቸው የቁጥር 23 ዓይነት ሆነ። ኤሌክትሪክ ዋናውን መስመር ሲወስድ እነሱ ወደ ዳር ተገፍተው ጭነት ሲጎትቱ እስከ 1960ዎቹ ቆዩ፤ የቶቡ እንፋሎት በ1966 አበቃ። በ1898 የተሠሩት ቁጥር 5 እና ቁጥር 6 አሁን ቶኪዮ ውስጥ በቶቡ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሎንደንም ቶኪዮም ለታሪክ ብሎ ያስቀመጣቸው ሰው ዘግይቶ ነው የመጣው። እስከዚያ ድረስ ያቆያቸው ማንም የናቀው ሥራ ነው።

የወጌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በ2017 ቶቡ ለቱሪስት የሚሆን የእንፋሎት ባቡር በኒኮ አካባቢ እንደገና አስነሳ። ሙዚየሙ ውስጥ ሎኮሞቲቭ አለው፤ ግን እነዚያ የሚቆሙ እንጂ የሚሄዱ አይደሉም። «ሲ 11» ከሚባለው የጃፓን ሥሪት ዝርያ አንዱን ከሆካይዶ የባቡር ድርጅት ተዋሰ። ብረቱ ተገኘ። ሰውስ? እንፋሎት ካቆመ 51 ዓመት ሆኖታል፤ ኩባንያው ውስጥ እሳት ማንደድ የሚያውቅ ነጂ አልነበረም። ሠራተኞቹን እንፋሎት ወዳልተወባቸው ሌሎች ድርጅቶች ልኮ ማስተማር ነበረበት። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚባለው ይኼን ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል ከባድ ቢሆን ነው? የቀዘቀዘ ሎኮሞቲቭ ለመንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት መሞቅ ይፈልጋል። ከሰል ጨማሪው ረዳት አካፋውን ዝም ብሎ አይገለብጥም፤ ማዕዘኖቹን እየሞላ፣ መሐሉን እያሳሳ፣ ዳገት ከመድረሱ በፊት እሳቱን ያሰናዳል። ዓይኑ ከአንዲት የመስታወት ቱቦ አይነሳም፤ የቦይለሩን ውሃ ከፍታ የምታሳየው እሷ ናት። ውሃው ከእሳት ሳጥኑ ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፤ ቦይለሩም ሊፈነዳ ይችላል። ዳገት ሲወጡና ቁልቁል ሲወርዱ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ እንዴት እንደሚያታልል መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ማመን የሚቻለው ግን አብሮ በመቆም ነው።

ይህ ለሎንደን በጊዜ ገብቷታል። ቁጥር 23 ቀዝቅዛ ስትቀመጥ፣ በ1898 ኒስደን ውስጥ የተሠራችው ሜትሮፖሊታን ቁጥር 1 ግን በባቡር ወዳጆች ማኅበር እጅ ገባች። ያቺ ቁጥር 23 ያረጀችበት መስመር በተነሳበት በኳይንተን ሮድ ጣቢያ፣ በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ሲያነዷት፣ ሲፈቷት፣ ሲገጥሟት ኖሩ። በጥር 2013 የምድር ውስጥ ባቡሩ 150 ዓመት ሲሞላው ቁጥር 1 ከኬንሲንግተን ኦሊምፒያ እስከ ሙርጌት ሰው ጭና በዚያው ጥንታዊ ዋሻ አለፈች። ጣቢያ ላይ የቆመው ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ፣ በጭሱም ሳለ።

ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። ምድር ባቡር ከጅቡቲ ሥራው በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአንድ ሜትር ስፋት ሃዲድ። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው፤ ከዚራን የመሰለ ሰፈር፣ ግዙፍ የጥገና ጋራዥ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ዲዝል እንፋሎቱን ተካ። አሁን ደግሞ በሌላ ሃዲድ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ይሄዳል። አሮጌው ብረት ድሬዳዋ ላይ አለ፤ ጎብኚም ያየዋል። ሙያውስ የት ነው ያለው?

ሊመለስ እንደሚችል ጎረቤት አስመራ አሳይታናለች። በጦርነት የተነቀለውን የምጽዋ መስመር ጡረታ የወጡ ነጂዎችና መካኒኮች ተጠርተው መልሰው አቋቋሙት፤ በጣሊያን ጊዜ የመጡት ሎኮሞቲቮች በ2003 አስመራ ድረስ ሽቅብ ወጡ። ያ የሆነው ሽማግሌዎቹ ገና በሕይወት ስለነበሩ ነው። ሃያ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ገንዘብም አያመጣቸውም ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ ሎንደን ከምንኖረው መሐል አባታችን ወይም አጎታችን ምድር ባቡር የሠራ ብዙዎች ነን፤ ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ፣ ከናዝሬት። ከእንፋሎቱ ዘመን የቀሩት ዘጠና ዓመት የተጠጉ ናቸው፤ የዲዝሉ ሰዎችም እያረጁ ነው። እሑድ ስትደውሉላቸው «እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትዝጉት። «አባባ፣ ከአዋሽ ዳገቱን ስትወጡ ምን ታደርጉ ነበር? ብሬኩ እምቢ ሲል ምልክቱ ምን ነበር? መለዋወጫ ሲጠፋ በምን ተካችሁት?» በሏቸውና ስልኩን ቅዱት። ትዝታ ጠይቃችሁ ትዝታ ብቻ ታገኛላችሁ፤ ሥራውን ከጠየቃችሁ ግን አንድ ቀን ያን ብረት ማስነሳት የሚፈልግ ወጣት የሚጀምርበት ነገር ይኖረዋል። ሙዚየም መክፈት የመንግሥትና የባለ ገንዘብ ነገር ነው። ስልክ መደወል ግን የእኛ ነው፤ ካርዱም እንደ ድሮው አይወደድም።