ምስክርን የመጠየቅ ጥበብ



ለዩኒቨርሲቲው ምሩቃን በዚህ አዳራሽ እንድናገር በተጠራሁ ጊዜ አስቀድሞ በልቡናዬ የመጣው ከተማሪነቴ ዘመን የቀረ አንድ እፍረት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቃል ታሪክ ልሰበስብ ከጨንቻ ግርጌ ወደ ዶርዜ ወጥቼ፣ ከአንድ አዛውንት ደጃፍ ተቀምጬ፣ ደብተሬንም ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «አባቴ፣ ያገቡት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ እርሳቸው ከዘራቸውን አንሥተው ከቤታቸው ጣሪያ በላይ ያለውን ባዶ አየር እያመለከቱ «ያን ጊዜ ጫፉ እዚያ ነበር» አሉኝ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፤ በደብተሬም «ዓመቱን አያውቁም» ብዬ ጻፍሁ። ከቀርከሃ የሚሠራው የዶርዜ ቤት አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር እንደሚቆም፣ ምስጥ እግሩን በበላው ቍጥር የተበላው እየተቈረጠ ቤቱ ከዘመን ወደ ዘመን እንደሚያጥር፣ ስለዚህም ቁመቱ ራሱ ለባለቤቱ የዘመን መቍጠሪያ እንደሆነ የተረዳሁት ወደ ከተማ ከተመለስሁ በኋላ ነው። አዛውንቱ ዓመቱን ነግረውኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለውን መስማት የሚያስተምረው ታሪክ ነው፤ ይሁንና ዛሬ ከዚህ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል «ልጄ ታሪክ ተምሮ ምን ይሆናል?» ብሎ በሌሊት ያላሰበ ይኖራል ብዬ አልገምትም። መንግሥትም ቢሆን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ወደ ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የቀየሰው ስሌት የዚሁ ጥያቄ ታላቅ ወንድም ነበር። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ዳቦ የሌለበት ዲግሪ ወላጅን ያሳስባል። ነገር ግን ይህ ተቋም በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም ያስተማራቸውን መሐንዲሶች ጠይቋቸው፤ በኩልፎ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ የተነሣ ሰው ከሲሚንቶውና ከብረቱ በፊት የሚፈልገው ወንዙ ባለፉት ዓመታት እስከ የት ሞልቶ እንደነበረ የሚናገር መዝገብ ነው፤ መዝገብም ከሌለ በዳርቻው የኖረውን ሽማግሌ ይጠይቃል። እንግዲህ ለጎርፍ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ልጅ ነገር መንፈጋችን ምን ይባላል?

ስለ ታሪክ ጥቅም ለመናገር ወደ ሄሮዶቱስ ወይም ወደ ኢብን ኸልዱን መሄድ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ጋሞ ቆሜ ያን ያህል መንገድ አልሄድም። በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1593 ገደማ፣ አገሩ ጋሞ መሆኑን ራሱ የሚናገር አባ ባሕርይ የተባለ መነኩሴ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በግእዝ አንድ አጭር መጽሐፍ ጻፈ። የዘመኑ ጸሐፍያን የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሲደርሱ ሥራቸው የንጉሡን ድል ማወደስ ነበር፤ ይህ ከአገሩ የተፈናቀለ መነኩሴ ግን ሊቃውንት እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበትን ጥያቄ ፊት ለፊት አነሣ፤ ቍጥራችን ብዙ፣ መሣሪያችንም ብዙ ሲሆን ስለ ምን ተሸነፍን? ከፊሎቹ በኃጢአታችን ነው ማለታቸውን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ ቀጥሎም ሌሎቹ የሚሉትን፣ ሕዝቡ በዐሥር ወገን መከፈሉንና ከዐሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን፣ ወገኖቹን አንድ በአንድ እየቈጠረ አስረዳ። ከማይዋጉት ዘጠኙ መካከል የመጀመሪያውን ተራ የሰጠው ለመነኮሳት ነው። ራሱ መነኩሴ ሆኖ ክሱን ከራሱ ወገን የጀመረ ጸሐፊ በማናቸውም አገር ብዙ አይገኝም።

ይህን ማለቴ አባ ባሕርይን እንድታመልኩት አይደለም። የቆሰለ ሰው ስለ አቈሰለው የጻፈው ነውና ዛሬ ወንድሞቻችንን የሚያሳዝን ቃል በመጽሐፉ አለበት፤ ያንን ቃል እንደ እውነት የሚያስተጋባ ተመራቂ ትምህርቱ አልገባውም። በአንጻሩ በዚያው መጽሐፍ የገዳ ወገኖች የሆኑት የሉባዎቹ ስም በቅደም ተከተል፣ በየስምንት ዓመቱም መፈራረቃቸው ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ ስለ ገዳ ሥርዓት በጽሑፍ ከቀሩልን ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ ይኸው ጠላት የተባለው ብዕር ሆነ። መጽሐፉን የሚያቃጥል ሰው ይህንን ያጣል፤ ሳይመረምር የሚያምነውም ከዚያ የከፋ ያጣል። የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን አንዱን ንባብ ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላውን ትርጓሜ፣ ዳግመኛ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉን ተሸክሞ የትኛው ከምሥጢሩ እንደሚስማማ ያመዛዝናል። የታሪክ ትምህርት ክፍል በአራት ዓመት ያስተማራችሁ፣ ስሙን ለውጦ፣ ይኸንኑ አንድምታ ነው። ሕዝባችንም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ሲል ያው ነገር ቁምጣ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

ጽሑፍ ያልደረሰበትን ዘመን በተመለከተ የጋሞ ደጋ ሌላ ምስክር አቆይቶልናል። ሞታ ከተባለው ዋሻ የወጣው የ4,500 ዓመት ዐፅም፣ በጋሞኛ «ባይራ»፣ ማለትም በኩር ተብሎ ተሰየመ፤ ከአፍሪካ ምድር ሙሉ የዘር መዝገቡ ከተነበበላቸው ጥንታውያን ሰዎችም የመጀመሪያው ሆነ። ውጤቱ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በታተመ ጊዜ፣ ተመራማሪዎቹ ከምዕራብ እስያ በኩል የተመለሰ የዘር ቅልቅል በመላው አፍሪካ እንደተሰራጨ አስታውቀው ነበር፤ ጥቂት ወራት ሳይቈዩ ግን በስሌቱ አንድ ደረጃ መዘለሉን ደርሰውበት፣ ቅልቅሉ በዋነኛነት በምሥራቅ አፍሪካ እንደሚገኝ አርመው በይፋ አስነበቡ። ባይራ ያው ነው፤ ዐፅሙ ቃሉን አልለወጠም፤ የተለወጠው የጠያቂዎቹ ጆሮ ነው። እኔ በዶርዜው ደጃፍ ያጎደልሁትን እነርሱ በአደባባይ ስለፈጸሙት እቀናባቸዋለሁ።

አሁን የቅርቡን ልናገር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ የዚህች ከተማ ወጣት በቍጣ ነዶ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ቆመ። እርጥብ ሣር ለማያውቀው ሰው የከብት መኖ ነው፤ ያን ዕለት ግን ከጥይት የበረታው፣ የሸማኔውም የአራሹም ልጅ በዱቡሻ ሸንጎ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲያስታርቅ እያየ ስላደገ ነው። ሥዕሉን ዓለም ሁሉ አየው፤ አባቶችም ተመሰገኑ፣ ተሸለሙም። ነገር ግን ማን ሣሩን መጀመሪያ እንደ ቈረጠ፣ አባቶቹ ከመውጣታቸው በፊት ምን እንደ ተነጋገሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ የተቈጣው ወጣት ሣሩን ባየ ጊዜ በልቡ ምን እንደ ተመላለሰ፣ ሽልማትና ፎቶግራፍ አይናገርም። ሃምሳ ዓመት ቈይቶ አንድ ተማሪ ደብተሩን ዘርግቶ ይህንን ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ የሚመልስለት ሰው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ይህን ካባ አውልቃችሁ ወደ ሲቀላም ሆነ ወደ ሴቻ፣ ወደ ቦንኬም ሆነ ወደ ጨንቻ ስትመለሱ፣ በዚያ ቀን የተንበረከኩትን አባቶች ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ የተናገሩትን በራሳቸው ቋንቋ ጻፉ፤ ያልገባችሁንም ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። በዚያ መንገድ ላይ ለበቀል ወጥቶ የቆመው ወጣት ደግሞ የእናንተ እኩያ ወይም ታላቅ ወንድማችሁ ነው፤ ምናልባትም አሁን በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ካለ፣ ቃሉን ዛሬ ማታ ይጻፍልን።