ወረርሽኝና የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች



የዛሬው ርእስ ከምሕንድስና የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሙያ ከአዋቂ እጅ ወደ ተማሪ እጅ የሚተላለፍበት መንገድ በድንገት ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ለመረዳት የሚሻ ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለምን ያዳረሰው የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ላይ ያደረሰውን ሁኔታ ቢመረምር ይጠቀማል።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የቀዶ ሐኪሞች አሠለጣጠን መሠረቱ የተጣለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ዊልያም ሆልስቴድ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ባቋቋመው ሥርዓት ነው። ሠልጣኙ አስቀድሞ ያያል፤ ቀጥሎ ይረዳል፤ ከዚያም ይሰፋል፤ በመጨረሻም መምህሩ አጠገቡ ቆሞ እየተመለከተው ራሱ ቀዶ ሕክምናውን ያካሂዳል። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ አንድ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ ለፈተና ከመቅረቡ በፊት በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 850 ቀዶ ሕክምናዎችን እንዲሠራ መጠየቁ፣ ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ ስለሆነ ነው።

ይህ መንገድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ። ማርች 13 ቀን 2020 የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በቀጠሮ የሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች እንዲቀነሱ ወይም እንዲዘገዩ መከረ። ማርች 17 ቀን ደግሞ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት፣ አስቸኳይ ያልሆኑት ሁሉ ቢያንስ ለ3 ወር እንዲቆዩ ለሆስፒታሎች አስታወቀ። አልጋው፣ የመተንፈሻ መሣሪያውና የማደንዘዣ ባለሙያው ለወረርሽኙ በሽተኞች ይፈለጉ ስለነበር ውሳኔው ተገቢ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ችግሩ በበረታባቸው 12 ሳምንታት 28.4 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚተላለፉ ገምቷል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ከተላለፉት መካከል የቡአና የሐሞት ከረጢት ጠጠር ቀዶ ሕክምናዎች ይገኙባቸዋል፤ እነዚህም ጀማሪው ሠልጣኝ እጁን የሚያፍታታባቸው ናቸው። ለበሽተኛው ሊዘገይ የሚችለው ሥራ ለሠልጣኙ ሊዘገይ የማይችል ትምህርት ነበር። ሳይቋረጡ የቀጠሉትን የድንገተኛና የካንሰር ሥራዎች ደግሞ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚገኘውን ሰው ቁጥር ለማሳነስና ጊዜውን ለማሳጠር ሲባል፣ በብዙ ቦታ ነባሮቹ ሐኪሞች ራሳቸው ይሠሯቸው ጀመር።

ሥራው እንደገና ሲከፈትም ችግሩ ወዲያው አልተቃለለም። ያው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሆስፒታሎች ከወትሮው ሥራቸው 20 በመቶ ጨምረው ቢሠሩ እንኳ የተጠራቀመውን ለመጨረስ 45 ሳምንታት ያህል ያስፈልጋቸዋል። ሰልፍ በረዘመበት ቦታ ፍጥነት ይፈለጋል፤ ማስተማር ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ወረፋው በረዘመ ቁጥር መምህሩ ቢላዋውን ለተማሪው ለመስጠት ያለው ፋታ ያነሰ ሆነ።

የአሜሪካው ቦርድ በዚያ ዓመት ከሚፈለገው ቁጥር 10 በመቶ ጉድለትን ተቀበለ። ይህ ለሠልጣኞቹ ርኅራኄ ያለበት ፍርድ ነበር። ቢሆንም አርማታ ከተሞላ በኋላ ጥንካሬው በ28ኛው ቀን እንደሚለካ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል፤ ሥራው ቸኩሏል ተብሎ ቀኑ በደብዳቤ ቢቀነስ ደብዳቤው አርማታውን አያጠነክረውም። የቀዶ ሐኪም እጅም እንዲሁ ነው። ጉድለቱ በመዝገብ ላይ ቢሠረዝም፣ ከዓመታት በኋላ ማንነቱ ገና ባልታወቀ በሽተኛ ላይ ሊታይ ይችላል።

ጉዳቱ በትምህርት ብቻ አልተወሰነም። በኒው ዮርክ የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተዛውረው፣ ያልሠለጠኑበትን ሥራ እየሠሩ፣ ጠያቂ የተከለከሉ ሰዎች ቤተሰባቸውን በስልክ ሲሰናበቱ አይተዋል። በሽታውን ወደ ቤት እንዳያስገቡ ከልጆቻቸው ተለይተው ያደሩም ነበሩ። የሙያ ፈተናዎች ተሰረዙ፤ ቦርዱ በጁላይ 2020 በኢንተርኔት ሊሰጥ የሞከረው ፈተናም በቴክኒክ ችግር ተቋረጠ። ለወራት ሲዘጋጅ የቆየ ወጣት ሐኪም ከመሣሪያ ብልሽት የተነሣ እንደገና ጠብቅ ሲባል የሚሰማውን ድካም መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ዝምታው ነው። ብዙ ሐኪሞች የአእምሮ ሕክምና ቢጠይቁ የሥራ ፈቃዳቸውን እንዳያጡ ይፈራሉ። በኒው ዮርክ የድንገተኛ ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሎርና ብሪን፣ ሠልጣኝ ባይሆኑም፣ በኤፕሪል 2020 በገዛ እጃቸው ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ የጤና ባለሙያዎችን የአእምሮ ጤና የሚደግፍ ሕግ በስማቸው በማርች 2022 ጸድቋል። ሕጉ የወጣው ሕይወት ከጠፋ በኋላ መሆኑ ለማንኛውም ሙያ ማስጠንቀቂያ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባው የሚሌኒየም አዳራሽ ማከሚያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት ኮሚሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የማኅፀን ሐኪሞች እንዲኖሩ ያቀረበው ግብ ለኢትዮጵያ ገና ሩቅ ነው። ሐኪም በጣም ጥቂት በሆነበት አገር የአንድ ሠልጣኝ ዓመት ሲባክን የሚጎዳው እሱን የሚጠባበቀው ሕዝብ ጭምር ነው።

እንግዲህ የመሐንዲስ ድርሻ ምንድን ነው? የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አየር በሚገባ እንዲለወጥ ማድረግ፣ የኦክስጅን አቅርቦት እንዳይቋረጥ መጠባበቂያ ማዘጋጀትና የመለማመጃ መሣሪያ መሥራት ይገኙበታል። ለላፓሮስኮፒ መለማመጃ የሚሆነው፣ ካሜራና መብራት ያለበት ባለ ቀዳዳ ሣጥን በተራ ወርክሾፕ ሊሠራ ይችላል፤ ሠልጣኙም በውስጡ ትንንሽ ዕቃ ከችካል ወደ ችካል ማዛወርንና ክር መቋጠርን ይለማመዳል። ይሁን እንጂ ሣጥኑ አይደማም። እጅን ያሠለጥናል እንጂ ፍርድን አያስተምርም፤ መምህሩንም አይተካም።

አንድ ድልድይ ብቻ ያለው ከተማ ድልድዩ በተሰበረ ቀን ለሁለት ይከፈላል። መጠባበቂያ መንገድ የሚሠራው ግን ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ነው። ስለዚህ የመጪው ወረርሽኝ ዕቅድ ሲነደፍ ከአልጋውና ከኦክስጅኑ ቁጥር ጎን፣ ሠልጣኞች በየት እንደሚማሩ፣ መቼ እንደሚያርፉና ሲደክሙ ያለ ፍርሃት ለማን እንደሚናገሩ አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።